ከሐኪሜ የደበቅኩት ፌስታል

ይህን የምጽፈው ጡቷ ላይ አንድ ነገር ዳስሳ፣ ለማንም ሳትናገር መብራቱን አጥፍታ ለተኛች ሴት ነው። እኔም እንዲያ ተኝቻለሁ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ላይ ሽንብራ የምታህል ጠጣር ነገር እጄን ነካችው። አታምም፣ አትቆጠቁጥም። «ክፉ ነገር ቢሆን ያመኝ ነበር» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ነበር። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ሕመም እንደሌለው አላውቅም ነበር።

ያኔ የ43 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናትና የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። በአጥራችን ሥር ዳማከሴ፣ በበራችን አጠገብ ጤና አዳም ጠፍቶ አያውቅም። ምች የመታው ልጅ ዳማከሴ ታሽቶ ይጨመቅለታል፤ ሆዱን የቆረጠው ጤና አዳም ያኝካል፤ እጁ የወለቀ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። አያቴ ኮሶ የሚጠጡበትን ቀን አስቀድመው ያስታውቁና ቤቱ በሙሉ ይዘጋጅላቸው ነበር። ስለዚህ የባህል መድኃኒትን ለማጣጣል የተነሣሁ አይምሰላችሁ። እጅግ አምንበት ስለነበር ነው የምጽፈው።

መስከረም ላይ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ዳሰሰኝና አልትራሳውንድ እንድነሣ፣ ከዚያም በመርፌ ናሙና እንዲወሰድልኝ ወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቤቴ ገባሁ። ለእናቴና ለባለቤቴ እኅት ብነግራቸው ሁለቱም ባንድ አፍ «ብረት እንዳይነካሽ!» አሉኝ። ብረት የነካው ነቀርሳ ይበተናል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በሦስት ወራቸው ማረፋቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያስታውሳል። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት የደረሱት በሽታው አጥንታቸው ከገባ በኋላ እንደነበር ግን ማንም አያነሣም። እባካችሁ ይህን ያዙልኝ፦ በመርፌ ናሙና መውሰድ በሽታውን አያባብሰውም። ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማችሁ የሚያውቀው በዚያች ናሙና ነው።

የባለቤቴ እኅት የነቀርሳ መድኃኒት ያውቃሉ የተባሉ አንድ አዛውንት አገኘችልኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክሊኒኩ ውስጥ አምስት ደቂቃ እንኳ በወጉ ያዳመጠኝ አልነበረም፤ እርሳቸው ግን አጠገባቸው አስቀምጠው «ልጄ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ምን ያስጨንቅሻል?» ብለው ጠየቁኝ። አለቀስኩ። ስወጣ ቀልሎኝ ነበር። ያን ቀን የቀለለኝ ፍርሃቴ ነበር፤ እኔ ግን በሽታዬ የቀለለ መሰለኝ። ብዙ ታማሚዎች ከባለመድኃኒቶች ደጅ የማይጠፉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሐኪሞቻችንም ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

የተወቀጠ ሥርና ቅጠል በቅቤ ለውሰው ጡቴ ላይ ለጠፉልኝ፤ የሚጠጣም በጠርሙስ ሰጡኝ። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ስሙ ከተነገረ ኃይሉ ይሄዳል» አሉ። ሐኪም ቤት መሄድና መርፌ መወጋትም ከለከሉኝ። ዛሬ ሳስበው በእነዚህ ሁለት ቃሎች ብቻ ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ። የሚሰጣችሁን ነገር የሚደብቅና ከሌላ ሐኪም የሚያርቃችሁ ሰው፣ ነጭ ጋቢ ይልበስ ነጭ ጋውን፣ ከእርሱ ራቁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቆዳዬ ተላጠ፣ ቆሰለ፣ መግል ያዘ። «ሥሩን እየነቀለው ነው» ሲሉኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። የሚያቃጥል ዕፅ የጤነኛ ሰውንም ቆዳ እንደሚያቆስል፣ ከቁስሉ ሥር ያለው ዕጢ ግን ሳይነካ እንደሚያድግ የተረዳሁት በኋላ ነው። ወጪዬን መጻፍ ልማዴ ስለሆነ ደብተሬ ላይ አለ፤ በስድስት ወር 31,000 ብር ከፍያለሁ። ብሩ ይተካል። በእነዚያ ስድስት ወራት ግን ሽንብራዋ ሎሚ አከለች፣ ብብቴ ሥርም ንፍፊት ወጣ።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ቁስሌ መሽተት ጀመረ። ሽቶ እያርከፈከፍኩ ሥራ እገባ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አንዲት ባልደረባዬ እጄን ይዛ መዝገብ ቤት አስገባችኝ፤ በሩን ዘጋችና የሸሚዟን ቁልፎች ፈታች። በአንድ ጎኗ ጡት የለም፤ የደረቀ ጠባሳ ብቻ ነበር። «ስድስት ዓመቴ ነው» አለችኝ። «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ፈቃድሽን ከአለቃችን ጠይቄልሻለሁ።» ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ አላወቅኩም ነበር። ከዚህ በሽታ የተረፋችሁ ሰዎች፣ አቅም ካላችሁ ተናገሩ። እናንተ ዝም ስትሉ የሚሰማው የሞቱት ታሪክ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያየችኝ የካንሰር ሐኪም ቁስሌን ስታይ አልተቆጣችኝም። ፊቷን እንኳ አላጠቆረችም። ቁስሉ ታጠበ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ መጣ። በሽታው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነበር። ዕጢው እንዲያንስ በመጀመሪያ በየሦስት ሳምንቱ ስምንት ዙር ኬሞቴራፒ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ጨረር፣ በመጨረሻም ለዓመታት የሚዋጥ ክኒን እንደሚያስፈልገኝ አስረዳችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ፤ «ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ? የባህል መድኃኒት፣ ሻይ፣ ዱቄት፣ ቪታሚን?»

«ምንም የለም» አልኳት።

ሁለተኛው ስሕተቴ ይህ ነው፤ ከመጀመሪያው የሚብስ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ያኔ ባለማወቅ ነበር፣ አሁን ግን እያወቅኩ ዋሸሁ። አፍሬ ነበር። አንድ ጊዜ የሞኝ ሥራ የሠራች ሴት ሆና መታየት ሳያንሰኝ ደግሞ ልድገመው? ቤቴ ግን አንድ ትልቅ ፌስታል ተቀምጦ ነበር። እናቴ ጥቁር አዝሙድ በማር አዘጋጅታልኛለች፤ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ነጭ ሽንኩርት እውጣለሁ። ጎረቤት የሽፈራው ዱቄት አምጥታለች። የመሥሪያ ቤት ሰው ከሰማንያ በላይ በሽታ ያድናል የተባለ፣ በውድ የሚሸጥ ጭማቂ አሲዞኛል። ቨርጂኒያ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ የእርድ እንክብል፣ ለጭንቀት የሚሆን የዕፅ ክኒንና ከስኳር የተሠሩ የሚመስሉ ትንንሽ ነጭ ጠጠሮች ልካለች። ከባለመድኃኒቱ የተረፈችው ጠርሙስም ነበረች። እርሷን እንኳ አልጣልኳትም።

ሁሉም የሰጠኝ በፍቅር ነው። «ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይጎዳሻል?» ይሉኛል። እኔም እንዲሁ እል ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች፣ ታማሚዎች «ቀዩ» የምንለውን መድኃኒት ጨምሮ፣ እንደምንም አለፍኳቸው። ለሦስተኛው ስሄድ የደም ምርመራዬ ጉበቴ መቆጣቱን አሳየና ሳይሰጠኝ ተመለስኩ። በሳምንቱም አልወረደም። ያን ሳምንት ሌሊት ብርድ ብርድ አለኝ፤ ሙቀቴ 38.7 ደረሰ። እናቴ በቀዝቃዛ ውኃ የዘፈዘፈችውን ሥር ከጠጣሁ ሁለት ቀኔ ነበር። እንቅልፍ ይሻለኛል ብዬ እስኪነጋ ጠበቅኩ። ስደርስ ነጭ የደም ሕዋሴ በጣም ወርዶ ስለነበር አስተኝተው በደም ሥር መድኃኒት ጀመሩልኝ። በኬሞ ላይ ያላችሁ ሁሉ ቴርሞሜትር ግዙ። ሙቀታችሁ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ተነሥታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ እስኪነጋ አትጠብቁ። ያልፈላ ውኃ፣ ጥሬ ወተት፣ ጥሬ ሥጋና በቀዝቃዛ የተዘፈዘፈ ማንኛውም ዕፅ በዚያ ጊዜ አደጋ ነው፤ ሰውነታችሁ ትንሿን ተሐዋስ እንኳ የሚመክትበት ኃይል የለውም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ፋርማሲስት አልጋዬ አጠገብ መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እናቴ፣ እቤት የሚወስዱትን ሁሉ ማየት እፈልጋለሁ። ሁሉም ሰው የሆነ ነገር ይወስዳል፤ እኔ የምጠይቀው ምን እንደሆነ ብቻ ነው» አለኝ። ጥያቄው እንዲያ ሆኖ ሲመጣ መዋሸት አቃተኝ። ባለቤቴ ፌስታሉን አመጣው። ፋርማሲስቱ አልጋዬ ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ አነሣቸው። ያ ግማሽ ሰዓት ሕክምናዬን አዳነልኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የባለመድኃኒቱን ጠርሙስ አነሣና «ይህ ምን እንደሆነ እርስዎም እኔም ስለማናውቅ ዛሬ ይደፋል» አለ። የእርድ እንክብሉን ለብቻው አስቀመጠው። በወጥ ውስጥ የምንበላው እርድ ችግር እንደሌለው፣ ተጨምቆና ተጠናክሮ በእንክብል የሚሸጠው ግን በአንዳንድ ሰዎች ጉበት ላይ ጉዳት ማድረሱ እንደታወቀ ነገረኝ። ለጭንቀት የተላከልኝ ክኒን ፈረንጆች ሴንት ጆንስ ወርት ከሚሉት ዕፅ የተሠራ ነበር። ይህ ዕፅ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ ፈጭቶ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ብዙ መድኃኒቶች፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ አንዳንድ የኤች አይ ቪና የደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች ጭምር፣ ኃይላቸው የሚቀንሰው በእርሱ ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። እኅቴ «የአሜሪካ ነው፣ ተመርምሮ ነው የሚሸጥ» ብላኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ማሟያዎች ገበያ ላይ ከመዋላቸው በፊት መሥራታቸውን ማስመስከር አይጠበቅባቸውም።

ነጫጮቹ ጠጠሮች ሆሚዮፓቲ የሚባለው ዓይነት ሕክምና ነበሩ፤ ሳሙኤል ሃነማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1796 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ውጤት ናቸው። መነሻው ቅመም እጅግ እየተደጋገመ ስለሚቀጥን ብዙውን ጊዜ በጠጠሩ ውስጥ ምንም አይቀርም። «እነዚህ አይጎዱዎትም፤ ካንሰሩንም አይነኩትም» አለ። የሽፈራው ዱቄቱን፣ የደም ስኳርና የደም ግፊት ሊያወርድ ስለሚችል፣ ሕክምናው እስኪያልቅ እንዳቆየው መከረኝ። ጥቁር አዝሙዱን እንጀራና ዳቦ ላይ እንጂ በማንኪያ እንዳልውጠው ነገረኝ። ነጭ ሽንኩርቱን በወጥ ብቻ እንድበላ፣ በብዛት መዋጡን ግን እንድተወው አለኝ፤ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ሲቀርብ ያሰጋል። ሰማንያ በሽታ ያድናል ስለተባለው ጭማቂ «ስኳር ያለበት ጭማቂ ነው፤ ገንዘብዎን ለእንቁላል ያውሉት» ብቻ አለኝ። ጉበቴን ያስቆጣው የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር እንደማይቻል አልደበቀኝም። ሁሉንም ባቆምኩ በሦስተኛው ሳምንት ግን ምርመራው ተስተካከለና ሕክምናዬ ቀጠለ።

በመጨረሻ ተስፋ የቆረጥኩ መስዬው መሆን አለበት፣ አንድ ነገር ነገረኝ። ከአምስተኛው ዙር ጀምሮ የምወስደው ፓክሊታክሰል የሚባለው መድኃኒት የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በምዕራብ አሜሪካ ጫካ ውስጥ ከሚበቅል ዛፍ ልጠው ወሰዱት፤ በውስጡ ያለውን ለይተው፣ መጠኑን ለክተው፣ ማንን እንደሚጎዳና ማንን እንደሚጠቅም አውቀው ለጡት ካንሰር እስኪፈቀድ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ። የእኛው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው የበሽታውን መግቻ መንገድ ያገኘው። ያንኑ እንዶድ የሚጠጡ ሴቶች ግን ይመረዛሉ። ተፈጥሮ ይጎዳል አይጎዳም የሚለው ጥያቄዬ እዚያ አልጋ ላይ ተለወጠ። ምኑ፣ ስንት፣ ለማን፣ ከምን ጋር ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። አያቴ ኮሶ ሲጠጡ መጠኑን ያውቁ ነበር፤ እርጉዝ ሴት እንዳትቀምሰውም ይከለክሉ ነበር። ከአያቶቻችን የወረስነው ቅጠሉን ነው፤ ልኩን ጥለነዋል።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሊድን የሚችል የጡት ካንሰር ይዟቸው የሐኪም ሕክምናን ትተው በአማራጭ ሕክምና ብቻ የቆዩ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው የሐኪም ሕክምና ከወሰዱት ሰዎች ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ያን ቁጥር ባነበብኩበት ሌሊት ስድስቱ ወራት ፊቴ ላይ ቆመው አደሩ።

«አማራጭ» እና «ደጋፊ» የሚሉትን ሁለት ቃላት የለየሁትም ያኔ ነው። አማራጭ ማለት በሐኪም ሕክምና ምትክ የሚወሰደው ነው፤ ደጋፊ ማለት ከሕክምናው ጋር፣ ሐኪሙ እያወቀው የሚሄደው ነው። ዝንጅብል ዝንጅብል ነው። ኬሞውን ትታችሁ ከጠጣችሁት አማራጭ ሆነ፤ ለማቅለሽለሽ ከኬሞው ጋር ከጠጣችሁት ደጋፊ ሆነ። እኔን ዝንጅብል በእውነት ጠቅሞኛል። ቀጭን የዝንጅብል ሻይ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሐኪሜ ከምታዝልኝ የማስታወክ መከላከያ ጋር። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድም ድካሜን አቅልሎልኛል፤ ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር፣ የደከመ ሰው እንዴት በመራመድ ይበረታል ብዬ። አንዲት አብራኝ የታከመች ሴት አዲስ አበባ ውስጥ አኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌ ቆዳ ላይ የሚወጋበት የቻይና ሕክምና፣ የሚሰጥ ቦታ ወስዳኝ ነበር። ሐኪሜን አስቀድሜ ጠየቅኩ። ለማቅለሽለሽ የሚረዳቸው ሰዎች እንዳሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሴ ዝቅ ባለበት ሳምንት ግን መርፌ መወጋት እንደሌለብኝ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፣ ትንሽ ረዳኝ፣ ዋጋው ስለከበደኝ ተውኩት።

ጸበልን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና በግልጽ ልናገር። አልተውኩም። ለንስሐ አባቴ ፈራ ተባ እያልኩ «ክኒኑን ላቁም ወይ፣ አባቴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ማን አቁሚ አለሽ?» አሉኝ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ከፍተው ሐኪምን አክብር የሚለውን፣ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ የሚለውን አነበቡልኝ። ከኬሞ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከመጾም ፈቱኝ። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በአደባባይ መናገራቸውን አስታወሱኝ። ጸበል ቦታ «መድኃኒት ይዘሽ አትግቢ» የሚላችሁ ሰው ካለ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱና ጠይቁ። የምትጠጡትን ደግሞ፣ ነጭ የደም ሕዋሳችሁ በወረደበት ጊዜ፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። እኔ በዚያ ሳምንት በጸሎት ብቻ እቆይ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በመስከረም 2012 ዓ.ም. ተደረገልኝ። ከጡቴ ጋር ከብብቴ ሥር የንፍፊት ዕጢዎች ስለወጡ ክንዴ ማበጥ ጀመረ። አንዲት ደግ ጎረቤት «ዋግምት ያወርደዋል» ብላ ሰው ልታመጣልኝ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አስቀድሜ ደወልኩ። የንፍፊት ዕጢ የወጣበት ክንድ መበጣት፣ መወጋት፣ በጥብቅ መታሰር የለበትም፤ ትንሽ ቁስል እንኳ መርቅዞ ከባድ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ወጌሻም አጥብቆ አይሸው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያስተማረችኝን ቀስ ያለ የእጅ እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ እሠራለሁ፤ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ልጅ አቅፌበታለሁ፣ እንጀራ ጋግሬበታለሁ።

ፋርማሲስቱ ፌስታሌን ካየ ጀምሮ የወጪ ደብተሬን ሁለተኛ ሥራ ሰጥቼዋለሁ። በአንድ በኩል የሐኪም መድኃኒት፣ በሌላው በኩል ሻዩ፣ ጸበሉ፣ ቅባቱ፣ ሰው ያመጣልኝ ሁሉ፤ ከነቀኑና ከነመጠኑ። በቀጠሮዬ ቀን ለሐኪሜ እሰጣታለሁ፤ በሁለት ደቂቃ ታነበዋለች። አንዳንዱን ትሰርዛለች፣ አብዛኛውን ትተወዋለች። አፍ አውጥቶ ለመናገር የሚያፍር ሰው ደብተር መስጠት ይቀለዋል፤ እኔ ቀሎኛል። እናቴም አሁን አንድ ነገር ከማዘጋጀቷ በፊት «ደብተሩ ላይ ይጻፍ» ትላለች። ቅር እንዳትሰኝ ሁልጊዜ የምትሠራልኝ አንድ ነገር ትቼላታለሁ፤ የአጃ ሾርባዋን።

ክኒኑን እየዋጥኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ወር አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ ገና 31 ዓመቷ፣ ማታ በሬን አንኳኳች። ሻይ አፍልቼ እስክቀርብ ድረስ ስለ ኑሮ ውድነት ስታወራ ቆየችና በመጨረሻ እጇን ጡቷ ላይ አደረገች። በማግስቱ አብረን ሄድን። አልትራሳውንድ ክፍል በር ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ «አያቴ አንድ ነገር እያጠጣችኝ ነው፤ ልናገር ወይስ ይቅር?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ከቦርሳዬ አዲስ ደብተር አውጥቼ ሰጠኋት። ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ቀኑን ጻፈች፤ ከሥሩም የአያቷን መድኃኒት።